እውነት ወይስ ተረት? ጎዶሎ ፊቸር ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቆይ?

ዳታቤዝ በሚሠሩ ሰዎች መካከል የማያባራ አንድ ክርክር አለ። አንዱ ባለሙያ አዲስ ፊቸር ሠርቶ ያመጣል። ፊቸሩ ብዙ ሰው ለዓመታት ሲለምነው የኖረ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በደንብ ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ሁለት ሁኔታ ላይ ይሰናከላል። ግማሹ «ይግባና ሰው ይጠቀምበት፣ ቀሪው ቀስ ብሎ ይሟላል» ይላል። ሌላው ግማሽ «እዚህ ውስጥ የሚቀመጠው የሰው ገንዘብ፣ የሕመምተኛ ታሪክ፣ የተማሪ ውጤት ነው፤ ሳያልቅ አይገባም» ብሎ ይከላከላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ከልባቸው ነው። ችግሩ፣ ሁለቱም ወገኖች ከብዙ መደጋገም የተነሳ እንደ እውነት የተያዙ አባባሎችን ይዘው መቅረባቸው ነው። እነዚህ አባባሎች ደግሞ ከሶፍትዌሮቹ ታሪክ ጋር ሲገናዘቡ አይጸኑም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ፊቸር ጎዶሎ ስለሆነ ብቻ መከልከል የለበትም። የማይችለውን ሲጠየቅ «አልችልም» ብሎ በግልጽ የሚመልስ ከሆነ ይግባ። የማይችለውን እንደቻለ አስመስሎ ዝም ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ግን፣ የቱንም ያህል ቢፈለግ ውጭ ይቆይ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ጉዳዮች ወደዚህ አቋም ያደረሱኝ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ «ቁም ነገረኛ ዳታቤዝ ያላለቀ ነገር አያስገባም»

በጥንቃቄው ስሙ ከሚነሳው ከፖስትግሬስ እንጀምር። ሥሩ ማይክል ስቶንብሬከር በ1986 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከጀመረው ፕሮጀክት ይመዘዛል። «ሳይበስል አይወጣም» የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱን እያዩ ነው። እንዲህም ሆኖ ሃሽ የሚባለው የኢንዴክስ ዓይነት ትልቅ ጉድለት ተሸክሞ ለረጅም ዓመታት በውስጡ ኖሯል።

ጉድለቱን ለመረዳት ዳታቤዝ ከአደጋ እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ መረጃው ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ለውጡን በመዝገብ፣ ባለሙያዎቹ ሎግ በሚሉት ፋይል ላይ ይጽፋል። መብራት ቢጠፋ ወይም ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ ሲነሳ መዝገቡን ከመጨረሻው አስተማማኝ ቦታ ጀምሮ ያነብና የተቋረጠውን ሥራ ይጨርሳል። ሃሽ ኢንዴክስ ግን የራሱን ለውጥ እዚህ መዝገብ ላይ አይጽፍም ነበር። ስለዚህ ከአደጋ በኋላ ሠንጠረዡ ሙሉ ሆኖ ሲነሳ ኢንዴክሱ ጎድሎ ሊነሳ ይችላል።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። የደንበኞች ሠንጠረዥ አለ፤ በስልክ ቁጥሩ ዓምድ ላይ ሃሽ ኢንዴክስ ተሠርቷል። ሰርቨሩ ከሰዓት በኋላ በድንገት ወድቆ ተነሳ። ጠዋት የተመዘገበች ደንበኛ ስትደውል ሠራተኛው ቁጥሯን አስገብቶ ይፈልጋል። መልሱ «የለም» ነው። በስሟ ሲፈልጋት ትገኛለች፣ ቁጥሯም ከፊት ለፊቱ ተጽፎ ይታያል። በቁጥሩ ሲፈልግ ግን አሁንም የለችም። መረጃው አልጠፋም፤ ወደ መረጃው የሚወስደው መንገድ ነው የተበላሸው። ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ብቻ ይፈውሰዋል፣ ለዚያ ግን መጀመሪያ መበላሸቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

በ2010 የወጣው ቨርዥን 9.0 ደግሞ ነገሩን አባባሰው። በዚህ ቨርዥን ፖስትግሬስ ያንኑ መዝገብ ወደ ሁለተኛ ሰርቨር እየላከ ግልባጭ ማኖር ጀመረ። የሃሽ ኢንዴክስ ለውጥ መዝገቡ ላይ ስለሌለ ወደ ግልባጩም አይደርስም። እናም ማንም አንድ መስመር ኮድ ሳይነካ የአሮጌው ፊቸር ጉድለት ሰፋ፤ ቀድሞ አደጋ ሲደርስ ብቻ ይታይ የነበረው ስህተት አሁን በሰላም ቀንም በግልባጩ ላይ የሚታይ ሆነ። ጎዶሎ ነገር ሲገባ «ጉድለቱ ይህን ያህል ነው» ብሎ መለካት የሚከብደው ለዚህ ነው። የሚለካው ከዛሬው ሶፍትዌር አንጻር ሲሆን፣ የሚኖረው ግን ከነገው ጋር ነው። ሃሽ ኢንዴክስ መዝገብ ላይ መጻፍ የጀመረው በቨርዥን 10፣ በኦክቶበር 2017 ነው።

ከዚሁ ቤት ተቃራኒ ምሳሌ አለ። ኢንዴክስ በተለመደው መንገድ ሲሠራ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሠንጠረዡ ላይ መጻፍ ይታገዳል። ትልቅ ሠንጠረዥ ከሆነ ይህ ማለት አገልግሎት ለረጅም ሰዓት መቆም ነው። በ2006 በወጣው ቨርዥን 8.2 ጽሑፍ ሳያግድ ኢንዴክስ የሚሠራ ትእዛዝ መጣ። በእንግሊዝኛ ትእዛዙ ላይ «ኮንከረንትሊ» የምትል ቃል መጨመር ብቻ ነው። ይህ ፊቸር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎዶሎ ነው። ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ ስለሚያነብ ይዘገያል። ትራንዛክሽን ውስጥ አይሠራም፤ ቢሞክሩት በስህተት መልእክት ይመልሳል። መሃል ላይ ቢቋረጥ ደግሞ የማያገለግል ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል። ነገር ግን የተወውን ኢንዴክስ «የማይሠራ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፣ ለመፈለግም አይጠቀምበትም፤ ባለሙያው አይቶ ይሰርዘውና እንደገና ይሞክራል። ዛሬ ፖስትግሬስን በትልቁ የሚያንቀሳቅስ ሰው ያለዚህ ትእዛዝ ሥራውን መሥራት ይከብደዋል።

አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በቨርዥን 14 የመጀመሪያ ልቀቶች ላይ ይኸው ትእዛዝ ኢንዴክስ ሊያበላሽ የሚችል ስህተት ተገኝቶበት በጁን 2022 በ14.4 ታርሟል። ያ ግን የኮድ ስህተት ነበር፤ ሲታወቅ ታረመ፣ ተጠቃሚውም ምን ማድረግ እንዳለበት ተነገረው። ታስቦበት ከተተወ ጉድለት ጋር አንድ ላይ መቁጠር አይገባም።

ተረት፦ «ጎዶሎም ቢሆን ከባዶ ይሻላል»

ይህን የሚሉት የ«ይግባ» ወገኖች ናቸው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር ነኝ። እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ማስረጃው ማይኤስኪውኤል በተባለው ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ለረጅም ዘመን የኖረው የ«ቼክ» ጉዳይ ነው።

ቼክ ሠንጠረዥ ሲፈጠር የሚጻፍ ቅድመ ሁኔታ ነው። «ቀሪ ሂሳብ ከዜሮ በታች አይሁን»፣ «ዕድሜ ከ0 እስከ 130 ይሁን» ብለህ ትጽፋለህ፤ ዳታቤዙ ከዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር ሲመጣ መመለስ አለበት። ማይኤስኪውኤል እስከ 8.0.16 ድረስ፣ ማለትም እስከ 2019፣ ይህን ቅድመ ሁኔታ አንብቦ ይጥለው ነበር። ሠንጠረዡ ይፈጠራል። የስህተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ቀጥሎ ከዜሮ በታች 500 ብታስገባ ይገባል። ከዚያ የሠንጠረዡን አፈጣጠር መልሰህ ብትጠይቀው፣ የጻፍከው ቅድመ ሁኔታ በመልሱ ውስጥ አይታይም።

ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም፤ ሐሳቡም ምክንያት ነበረው። ከሌላ ዳታቤዝ የመጣ የሠንጠረዥ ትርጉም ሳይስተካከል እንዲጫን፣ ሰው በማይገባው ስህተት ተስፋ ቆርጦ እንዳይሄድ ተፈልጎ ነው። ማይአይሳም በተባለው የቀድሞው የማከማቻ ሞተር የ«ፎሪን ኪ» ትስስርም በዚሁ መንገድ ተነብቦ ይታለፍ ነበር። ያ ሞተር እስከ 2010 ድረስ፣ ማለትም 5.5 እስኪወጣ፣ ሌላ ምርጫ ላላደረገ ሰው የሚሰጠው ነበር።

ባዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ትእዛዙ «ይህን አላውቅም» ተብሎ ይመለስ ነበር። ፕሮግራመሩ ተበሳጭቶም ቢሆን ቁጥጥሩን በራሱ ኮድ ውስጥ ይጽፈው ነበር። አሁን ግን ቁጥጥር እንዳለ አምኖ ሄደ። ይህ ማለት ዘበኛ ቀጥሬያለሁ ብሎ በሩን ሳይቆልፍ የሚተኛ ሰው መሆን ነው፤ ዘበኛ እንደሌለው የሚያውቅ ጎረቤቱ ቢያንስ ቁልፉን ያዞራል።

ጣጣው በ2019 አላበቃም። የቆዩት ቅድመ ሁኔታዎች መጀመሪያውኑ ስላልተቀመጡ፣ ወደ አዲሱ ቨርዥን ሲዛወሩ ከሞት አይነሱም። እንደገና መጻፍ አለባቸው። እንደገና ሲጻፉ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሾልኮ የገባው የተበላሸ ረድፍ ሁሉ ያግዳቸዋል፤ መጀመሪያ እሱን አንድ በአንድ ማጽዳት ግድ ይሆናል። የማን ሂሳብ ለምን ከዜሮ በታች እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ተረት፦ «አሁን ይግባ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን»

ለማንኛውም ሌላ ሶፍትዌር ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አዝራር ቦታው ካልተመቸ በሚቀጥለው ወር ይነሳል። ዳታቤዝ ግን ሰው መረጃውን አኑሮበት የሚሄድበት ዕቃ ነው። መረጃው ዲስክ ላይ ከተኛ፣ ሺህ ፕሮግራምም ከተደገፈበት በኋላ «ማስተካከል» እና «መስበር» አንድ ይሆናሉ።

ለፊደላችን ቅርብ የሆነውን ታሪክ ልንገራችሁ። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ እያንዳንዱን ቁምፊ ከ1 እስከ 4 ባይት ይሰጠዋል። የላቲን ፊደል በ1 ባይት ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት የያዘው ቦታ እያንዳንዱን ፊደል 3 ባይት እንዲያስወጣ አድርጎታል፤ «ሀ» 3 ባይት ነው፣ «ፖ»ም 3 ባይት ነው። ማይኤስኪውኤል በ4.1 ዩቲኤፍ-8ን ሲያስገባ እስከ 3 ባይት ድረስ ያለውን ብቻ ደገፈ፤ ስሙን ግን በሙሉው ስም «ዩቲኤፍ8» ብሎ ጠራው። በዘመኑ በሥራ ላይ የሚውለው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ሁሉም በ3 ባይት ውስጥ ስለነበር ማንም አልተቸገረም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥ ሁሉም በሰላም ይገቡ ነበር።

ከዚያ ኢሞጂ መጣ። አብዛኛው ኢሞጂ 4 ባይት ነው። ዳታቤዙ በጥብቅ አሠራር ላይ ካልተደረገ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ኢሞጂ አስከትሎ «ነገ ጠዋት ቢሮ እንገናኝ» የሚል መልእክት ሲገባ ኢሞጂው ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። የሚጠፋው ኢሞጂው ብቻ አይደለም፤ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ነው። «ነገ ጠዋት ቢሮ እንገናኝ» የለም። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ግን አብዛኛው ፕሮግራም ያንን ማስጠንቀቂያ አይጠይቅም። ተቀባይዋ የምታየው ያልጎደለ የሚመስል የደስታ መግለጫ ነው።

በ2010 በ5.5.3 መፍትሔው መጣ፤ ነባሩን ስም መንካት ግን አልተቻለም። ነባሩ «ዩቲኤፍ8» 3 ባይት ሆኖ ሲቀር፣ እውነተኛው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚል ሌላ ስም ተሰጠው። ለምን ዝም ብለው ነባሩን አላሰፉትም? በዘመኑ ኢኖዲቢ በተባለው የማይኤስኪውኤል የማከማቻ ሞተር ኢንዴክስ ለአንድ ዓምድ የሚፈቅደው 767 ባይት ነበር። ቁምፊ 3 ባይት ሲሆን 255 ቁምፊ ይገባል፤ 4 ባይት ሲሆን ግን 191 ብቻ። በዓለም ላይ ስንት ሠንጠረዥ 255 ቁምፊ በሚይዝ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ እንደሠራ አስቡት። በኋላ ላይ ሊታረም ነው የተባለው ነገር እነዚህን ሁሉ የሚሰብር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አዲስ ለሚፈጠር ዳታቤዝ እውነተኛው በራሱ እንዲመረጥ የተደረገው በ8.0፣ በ2018 ነው።

ጉዳዩ የኢሞጂ ብቻ ለሚመስለው ሰው አንድ ልጨምር። በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ቁምፊዎችን በአዲስ የግዕዝ ክፍል ውስጥ አካቷል። አሮጌው ሠፈር ስለሞላ ይህ ክፍል የተቀመጠው ራቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ያለ ቁምፊ 4 ባይት ነው። ስለዚህ በዚያ አሮጌ ስም የተፈጠረ ሠንጠረዥ ዛሬም የአማርኛውን ስም ሙሉ ሲያስቀምጥ የጉራጊኛውን ይመልሳል ወይም ይቆርጣል። 3 ባይት ይበቃል ብለው የወሰኑት ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ በዚያ አልወቅሳቸውም። የምወቅሰው ስያሜውን ነው። የመጀመሪያው ቀን «ዩቲኤፍ8 እስከ 3 ባይት» ተብሎ ቢጠራ ኖሮ ሙሉው ስም ለሙሉው ፊቸር ተጠብቆ ይቆይ ነበር።

ኤስኪውላይትም የዚሁ ሸክም ተካፋይ ነው። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 የጀመረው ይህ ትንሽ ዳታቤዝ አንድሮይድም አይፎንም ውስጥ አለ። በመጀመሪያ ዘመኑ በተፈጠረ ስህተት ምክንያት፣ የሠንጠረዥ ዋና ቁልፍ በብዙ ሁኔታ ባዶ ዋጋ ይቀበላል፤ የዳታቤዝ ቋንቋው የኤስኪውኤል ደንብ ግን ይህን ይከለክላል። ስህተቱ ሲታወቅ ብዙ ፕሮግራም ተደግፎበት ስለነበር እንዲቀር ተወሰነ፣ ሠሪዎቹም ይህንን በመመሪያቸው ላይ በግልጽ ጽፈውታል። የፋይሉን አቀማመጥ እስከ 2050 ድረስ እንደሚደግፉ ቃል የገቡ ሰዎች በመሆናቸው፣ አንድ ጊዜ የገባ ነገር እነሱ ዘንድ የዕድሜ ልክ እንግዳ ነው። በ2021 ጥብቅ የዓይነት ቁጥጥር ሲጨምሩም፣ ለፈለገ ሰው ብቻ፣ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ላይ በቃል የሚጠየቅ አድርገው ነው።

ተረት፦ «እምቢ ማለት ምንም አያስከፍልም»

የጥንቃቄ ወገኖች ይህን በአፋቸው ባይሉትም አካሄዳቸው ይናገረዋል። ፊቸሩ ካልገባ ስህተቱም አይኖርም ብለው ያስባሉ። እኔ ግን ፍላጎቱ የትም አይሄድም እላለሁ፤ ስህተቱም ከዳታቤዙ ወጥቶ ወደ ተጠቃሚው ኮድ ይገባል።

«ካለ አድስ፣ ከሌለ አስገባ» የሚለውን ቀላል ሥራ እንመልከት። ማይኤስኪውኤል ከ4.1 ጀምሮ ለዚህ የራሱ ትእዛዝ ነበረው። ፖስትግሬስ ግን እስከ ጃንዋሪ 2016፣ እስከ 9.5 ድረስ አልነበረውም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጽፍ ያለ እንከን የሚሠራ መንገድ እየተፈለገ ነበር። በዚያ መሃል ሰው ምን አደረገ? የራሱን ጻፈ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «ይህ ስልክ ቁጥር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የለም» ሲባል ያስገባል። ሁለት ወኪሎች በተለያየ ቦታ አንድን ቁጥር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሲመዘግቡ ሁለቱም ጠየቁ፣ ለሁለቱም «የለም» ተባለ፣ ሁለቱም አስገቡ። ዓምዱ ልዩ መሆን አለበት ተብሎ ካልታዘዘ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። ከታዘዘ ደግሞ አንዱ ወኪል ማያው ላይ የማይገባው ስህተት አየ። የፖስትግሬስ መመሪያ ራሱ ስህተቱን እየያዘ ደጋግሞ የሚሞክር ረዘም ያለ ምሳሌ ያቀርብ ነበር፤ ግን ስንቱ ተቀጣሪ፣ ስንቱ ጀማሪ ያንን አግኝቶ በትክክል እንደገለበጠው አስቡ። ዳታቤዙ ንጹሕ ሆኖ ቆየ፤ ከሱ በላይ የተጻፈው ኮድ ግን ጎዶሎ ሆኖ ተባዛ።

የግልባጭ ሰርቨር ታሪክ ከዚህ ይበልጣል። ማይኤስኪውኤል በ2001 በተረጋጋው 3.23 ቀላል ግልባጭ ይዞ መጣ። ዋናው ሰርቨር የተሰጡትን ትእዛዞች ይመዘግባል፣ ሁለተኛው እየተቀበለ ይደግማቸዋል። ጎዶሎ ነበር፤ ትእዛዙ ውስጥ የዘፈቀደ ቁጥር ካለ፣ ወይም ቅደም ተከተል ሳይወስን «አሥር ረድፍ ሰርዝ» ካለ፣ ሁለቱ ሰርቨሮች የተለያየ ነገር ሊይዙ ይችላሉ። ሆኖም በጥቂት መስመር ማስተካከያ ይሠራ ነበር። ዊኪፔዲያን የመሰለ ድረ ገጽ የአንባቢውን ብዛት ለብዙ ግልባጮች አከፋፍሎ ነው ያደገው።

ፖስትግሬስ በነዚያ ዓመታት ያራመደው አቋም ሌላ ነበር፦ ለሁሉ የሚስማማ አንድ የግልባጭ ዘዴ ስለሌለ ከዋናው ሶፍትዌር ውጭ ይሠራ። ስሎኒን የመሰሉ የውጭ መሣሪያዎች ነበሩ፣ ሆኖም መትከሉና መንከባከቡ አድካሚ ነበር። በሜይ 2008 ከፖስትግሬስ ዋና ቡድን አባላት አንዱ የሆነው ቶም ሌን በቡድኑ ስም አቋሙ መለወጡን አሳወቀ። ቀላልና አብሮ የሚመጣ ግልባጭ ባለመኖሩ ፖስትግሬስን ሊመርጡ የሚችሉ ሰዎች ወደ ሌላ እየሄዱ መሆኑን በግልጽ አስቀምጦ ነው። እኔ ይህን እርምጃ ከልቤ አከብራለሁ፤ ለዓመታት የተሟገቱበትን ነገር በአደባባይ መቀየር ለማንም አይቀልም።

ከዚያም በ2010 የገባው ነገር ፍጹም አልነበረም። ሙሉውን ሰርቨር እንጂ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ መገልበጥ አይችልም። ግልባጩ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚቀር ዋናው ሰርቨር በድንገት ቢሞት የመጨረሻዎቹ ሥራዎች ሊጠፉ ይችላሉ። ግልባጩ ላይ የሚሮጥ ረጅም ጥያቄ ከሚመጣው ለውጥ ጋር ሲጋጭ ይቋረጣል። ሲቋረጥ ግን ምክንያቱን ጽፎ ነው የሚቋረጠው፤ የተሳሳተ መልስ አይሰጥም። በ2011 በ9.1 ዋናው ሰርቨር ግልባጩ እስኪቀበል የሚጠብቅበት አሠራር ተጨመረ። በ2017 በ10 በሠንጠረዥ ደረጃ መገልበጥ መጣ፤ እሱም የሠንጠረዥ ቅርጽ ለውጥን ሳያስተላልፍ ነው የገባው። እያንዳንዱ እርምጃ ጎዶሎ ነበር፤ ቀዳሚው የጣለው መሠረት ግን ለቀጣዩ ሳይፈርስ አገልግሏል።

ተረት፦ «መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ኃላፊነቱ የተጠቃሚው ነው»

ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሃሽ ኢንዴክስ ጉድለት መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር። ሰው መመሪያ የሚያነበው ግን ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ፖስትግሬስ በ9.5 ማስጠንቀቂያውን ከመመሪያው አልፎ ትእዛዙ ውስጥም አስገባው፤ ሃሽ ኢንዴክስ ስትፈጥር መዝገብ ላይ እንደማይጻፍ እዚያው ይነግርህ ነበር። ይህ ለመሥራት ቀላል ነበር፣ ከብዙ ዓመታት በፊትም መደረግ ነበረበት።

ከማስጠንቀቂያም በላይ የሚወስነው ሰው ምንም ሳይመርጥ የሚያገኘው ነገር ነው። ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ጻፍ» ሲባል ሰርቨሩ መቀበሉን ሳያረጋግጥ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ያደርግ ነበር። ፍጥነቱ ብዙ ሰው ማርኳል፤ ማረጋገጫ የሚፈልግ ግን ለይቶ መጠየቅ ነበረበት። ከኖቬምበር 2012 ጀምሮ በአዲሶቹ መገናኛዎች ማረጋገጫው በራሱ እንዲመጣ ተደረገ። ከዚህ ጋር የፖስትግሬስን መዝገብ አልባ ሠንጠረዥ አነጻጽሩ። በ2011 የገባው ይህ ፊቸር እንዲሁ ፍጥነት በአስተማማኝነት ይሸጣል፤ ሰርቨሩ ቢወድቅ ሠንጠረዡ ባዶ ሆኖ ይነሳል። ነገር ግን ይህን ሠንጠረዥ ለማግኘት «መዝገብ አልባ» የሚለውን ቃል ትእዛዙ ላይ በእጅህ መጻፍ አለብህ። ሁለቱም ፈጣን ናቸው፤ አደጋውን አውቆ የገባበት ግን በሁለተኛው ያለው ተጠቃሚ ነው።

ተረት፦ «የገባ ፊቸር ከተነሳ ሞቷል»

በኤፕሪል 2018 «ሜርጅ» የሚባለው ትእዛዝ ወደ ፖስትግሬስ ኮድ ገባ። በኤስኪውኤል ደንብ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ከሌላ ዳታቤዝ የሚመጡ ሰዎች የሚጠብቁት ትእዛዝ ነው። ለቨርዥን 11 ታስቦ ነበር። በአሠራሩ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ስለተነሳ በዚያው ወር ተነሳ። የለፉበት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። ሆኖም ገና ምንም ቨርዥን ላይ አልወጣምና በዓለም ላይ አንድም ሠንጠረዥ፣ አንድም ፕሮግራም አልተሰበረም። የሚነሳ ነገር መነሳት ያለበት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

በ2022 በቨርዥን 15 ተሠርቶ ተመለሰ። የተመለሰውም እንከን የለሽ ሆኖ አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ረድፍ ለማስገባት ቢሞክሩ ሜርጅ ለአንዱ የድግግሞሽ ስህተት ሊመልስለት ይችላል። በ2016 የመጣው «ካለ አድስ፣ ከሌለ አስገባ» ግን በዚህ ሁኔታ ከሁለቱ አንዱን እንደሚያደርግ ዋስትና ይሰጣል። የፖስትግሬስ መመሪያ ስለ ሜርጅ ሲያስረዳ ይህን ልዩነት ይጠቅስና አንባቢውን ወደዚያኛው ይመራዋል። የሁለቱ አገልግሎት እዚህ ላይ ይለያያል፤ ሌሊት ብቻውን የሚሮጥና የቀኑን ሽያጭ ከዋናው ሠንጠረዥ ጋር የሚያስታርቅ ሥራ በሜርጅ ይጻፍ፤ ወኪሎች ቀኑን ሙሉ ስልክ ቁጥር የሚመዘግቡበት ገጽ ደግሞ በ2016ቱ ትእዛዝ ይጻፍ።